የተደፋችው ጣሳ

ፖሊሶች የያዙኝ፣ ጎንደር የቀሩት ዘመዶቻችን ወደ እስራኤል ይምጡልን ብለን መንገድ ዘግተን የተቀመጥን ዕለት ነው። ወንድሜ ከነልጆቹ ዛሬም እዚያው ተራ ይጠብቃል። እኔ በናታንያ ባሕር ዳርቻ ሆቴል ክፍል አጸዳለሁ፤ የሥራ ልብሴን እንኳ አላወለቅሁም ነበር። ወደ እስር ክፍሉ ሲያስገቡኝ መጀመሪያ የተቀበለኝ የበረኪና ሽታ ነው። ስንት ዓመት እጄ ላይ የኖረውን ሽታ እዚያም አገኘሁት።

ከግድግዳው ጥግ ፍራሽ ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። ከኔው ጋር ከመንገድ የተነሡ ናቸው። ጠባቂዋ ለየራሳችን አንዳንድ የፕላስቲክ ኩባያ ሰጠችንና በሩን ቆለፈች።

«ይችን ጣሳ አጥብቀሽ ያዣት» አሉኝ።

«ፕላስቲክ ናት እኮ እማማ፣ ጠጥተው የሚጥሏት።»

«እስር ቤት ከገባች ጣሳ ናት። ሱዳን ልሻገር ስል ተይዤ ጎንደር ወህኒ ቤት ከርሜአለሁ። አንዲት ጣሳ ነበረችኝ። ቆሎዬን ሰፈርሁባት፣ ውኃ ጠጣሁባት፣ የጓደኛዬን ሕፃን አጠብሁባት። በር ሲዘጋብን ደግሞ ሸናንባት። ጣሳ ምሥጢር አታወጣም።»

ሳቅሁ። ሲነጋ ግን ሳቁ ጠፋ። በሩ ተከፈተና ስሜ ተጠራ። ገና ከመነሣቴ አሮጊቷ ኩባያዬን አንሥተው በአፏ ወለሉ ላይ ደፏት።

«ምነው?»

«የተጠራች ሴት ጣሳዋ ይደፋል። ስትመለስ ራሷ ታቀናዋለች፤ ሌላ ሰው አይነካውም።»

«ካልተመለሰችስ?»

«ሂጂ ልጄ፣ እየጠበቁሽ ነው» አሉኝ። ሟርት መሰለኝ፤ በልቤ ተቀየምኋቸው።

መርማሪው ጠረጴዛው ላይ አንድ ፎቶ አስቀመጠ። ፊቷን በሻሽ የሸፈነች ልጅ በዚያው መንገድ ላይ ወደ ፖሊሶቹ ድንጋይ ስትወረውር ያሳያል። የለበሰችውን ጃኬት ከገበያ የገዛሁት እኔ ነኝ። ልጄ ነርስነት ጨርሳ የሥራ ፈቃዷን የምትጠብቅበት ወር ነበር።

አስተርጓሚው የኛው አገር ልጅ ነው። ዝቅ ብሎ «እናቴ፣ ልጄ ናት ይበሉና እዚች ላይ ሐቲማ ያድርጉ፣ ይፈርሙ። አሁኑኑ ሐባይታ ይሄዳሉ፣ ወደ ቤትዎ» አለኝ።

መርማሪው መጀመሪያ ሥራዬን ጠየቀኝ። ነገርሁት። የት እንደምኖር ጠየቀኝ። ነገርሁት። ሁሉንም አቀርቅሬ ነው የመለስሁት፤ እኛ ስናድግ የሹም ዐይን አይታይም። እሱ ግን በእስክሪብቶው ጠረጴዛውን እየመታ አንድ ነገር አለ።

«ዐይኔን የማታየኝ ስለምትዋሽ ነው እያለ ነው» አለኝ አስተርጓሚው። ያን ጊዜ እውነት እንጂ ሌላ ነገር ከአፌ አልወጣም ነበር።

ከዚያ ፎቶውን ወደኔ ገፋው። «ይህችን ልጅ ታውቂያታለሽ?»

ቀና አልሁ። ዐይኑ ውሃ ሰማያዊ ነበር። ዐይኔን ሳላርገበግብ አየሁትና «አላውቃትም» አልሁ። በሕይወቴ ሹም ፊት ለፊት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ስዋሽ። መርማሪው ጻፈ። አመነኝ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ኩባያዋ እንደተደፋች ናት። ሳነሣት ከሥሯ ቁራሽ ዳቦ አገኘሁ፤ አሮጊቷ ከድርሻቸው የቆረሱት ነው። ተቀይሜያቸው ስለነበር ዳቦውን ይዤ ቆምሁ።

«ብይ። አፍሽን ጠብቀሽ መጥተሻል።»

ምንም አልነገርኋቸውም ነበር። በምን እንዳወቁ ዛሬም አላውቅም።

ከቀትር በኋላ እሳቸው ተጠሩ፤ ከነዕቃቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጠባቂዋን ጥቂት አስጠብቀው፣ ቀስ ብለው ወጡ። ጣሳቸውን ደፋሁላቸው። ከዳቦው የተረፈችኝን ቁራሽ ከሥሯ አስቀመጥሁ። እሳቸው ሳይመለሱ እኔን ፈቱኝ። የት እንደወሰዷቸው ብጠይቅ የነገረኝ የለም። ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ መቅረቴ ያንገበግበኛል።

ልጄ ፈቃዷን አግኝታ መሥራት ጀመረች። እዚያው ናታንያ፣ ኪርያት ሀሻሮን ሰፈር አብረን ነው የምንኖረው። ስለ ፎቶው አንሥቼባት አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት በሷ ስም ከፖሊስ ደብዳቤ መጣ። ለጥያቄ ትፈለጋለች ይላል። ዛሬ ጠዋት ልትሄድ ስትል ጃኬቷን ያዝሁና «ያቀረቀርሽ እንደሆነ አያምኑሽም። ዐይናቸውን እያየሽ ተናገሪ» አልኋት።

«ኢማ፣ እማዬ፣ እኔ እኮ እዚህ ነው ያደግሁት። ሁሌም አያቸዋለሁ።»

እሱ ነው ያስፈራኝ። እሷ ዐይን እያየች የምትናገረው እውነቱን ነው።

ሻይ የጠጣችበት ኩባያ ጠረጴዛው ላይ ቀርቶ ነበር። አጥቤ ደፋሁት፤ ከሥሩ ቁራሽ ዳቦ አኖርሁ። ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ አዘቅዝቃለች፤ ልጄ ገና አልመጣችም። ጎረቤቴ መጥታ ኩባያውን ልታነሣልኝ ስትል እጇን ያዝሁት።

«ተይው» አልኋት። «ራሷ ትመጣና ታቀናዋለች።»