ሳህኔ እስኪመለስ

ሕመሙ ፊቴ ላይ ሲወጣ ሠፈሩ ስም ለማውጣት አልተቸገረም። ምች ነው አሉ። ላፍቶ ያኔ ገና እርሻ ነበር፤ እኔ ከእርሻው ጥግ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ጉንጮቼ ላይ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ የተዘረጋውን ቅላት እንዳየች ዳማከሴ ይዛ መጣች። ቅጠሉን በመዳፏ አሽታ ስትቀባኝ «ዓይንሽን ጨፍኚ፣ እንደ ሕፃን አትቅበጥበጪ» እያለች ትስቅብኛለች።

ምች የተባለው ግን አልሄደም። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ አሉ፤ ጸጉሬ ማበጠሪያው ላይ ይቀር ጀመር። ብዙ ከተመላለስኩ በኋላ አንድ ሐኪም «ሉፐስ ይባላል» አለኝ። «የሰውነትሽ መከላከያ ራስሽን እያጠቃ ነው። ወደ ሰው አይተላለፍም። ከጸሐይ ግን ተጠንቀቂ።» ፊደል የቆጠርኩት የስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ እያነበብኩ ነውና ቃሉ እንዳይጠፋኝ ታክሲ ውስጥ ስደጋግመው መጣሁ።

«ሉ... ምን?» አለች ጎረቤቴ። «እሱ ደግሞ የየት አገር ምች ነው?»

«አይተላለፍም ብለውኛል» አልኳት።

መተላለፉን ማን ጠየቀኝ? ያን ጊዜ ሰው ሁሉ የሚፈራው አንድ በሽታ ነበር፤ ስሙን የሚጠራው የለም፣ «ያ በሽታ» ብቻ ነው። ከዚያች ቀን ወዲህ ስታወራኝ ከበሩ አታልፍም።

መካኒሳ አቦ የምንስም ሴቶች በወር አንዴ፣ በአቦ ዕለት፣ በየተራ በየቤታችን ጽዋ ማኅበር እንጠጣ ነበር። በቀጣዩ ማኅበር ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እኔ ጋ ደረሰ። ተጎነጨሁና ለጎረቤቴ አቀበልኳት።

«ጥርሴን አሞኛል» አለችና ሳትቀምስ አሳለፈችው። ቀጣይዋ ሆዷን አመማት።

ራቅ ብላ የተቀመጠች አንዲት ሴት «ምነው ዛሬ ሁላችሁንም አመማችሁ? ጤና ጣቢያ እንሂድ እንዴ?» አለች። ማንም አልሳቀላት። እኔም ከዚያ ወዲያ ቀረሁ።

ድርሻዬ ግን ይመጣልኛል። ጎረቤቴ ዳቦውን በጋዜጣ፣ ጠላውን ባዶ የወተት ጣሳ ውስጥ አድርጋ ደጃፌ ላይ ታስቀምጥና «ድርሻሽ መጥቷል» ብላ ትመለሳለች። በኛ ሠፈር የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም። ቆሎም ሎሚም ጣል ይደረግበታል፤ እንዲያ ሲመላለስ ነው ጉርብትናው የሚጠናው። ጣሳ ግን መልሱልኝ የሚል የለም።

ቀን ቀን መጋረጃ ዘግቼ እውላለሁ። ሐኪሙ ያዘዘልኝ መድኃኒት ፊቴን እንደ ሙልሙል ነፍቶት፣ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ተስማማሽ» ይለኛል። በግድግዳው በኩል የጎረቤቴ ሳቅ ይሰማኛል። ምን እንዳሳቃት ሳላውቅ አብሬያት የሳቅኩበት ጊዜ አለ።

የጣሳዎቹን ታች በምስማር እየበሳሁ ዳማከሴ ተከልኩባቸው። ደጃፌን ሞሉት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በግድግዳው በኩል ድምጿ መጣ፤ የሰለለ ድምፅ ነው። «ዳማከሴ አለሽ አይደል? ከገበያ ስመለስ ምች መትቶኛል።»

ቀነጠስኩ። እጄ ጋዜጣ ሊያነሳ ሄዶ ነበር፤ መለስኩትና አበባ ያለውን ሳህኔን አወረድኩ። ነጠላዬን ተከናንቤ ቤቷ ገባሁ። ተኝታለች፣ ከንፈሯ ቆስሏል።

«ልቀባሽ?»

ጣቶቼን አየቻቸው። «ተይው፣ እኔው እቀባዋለሁ። እዚያ አስቀምጪልኝ።»

ቤቴ ገብቼ መጠበቅ ጀመርኩ። ሳህኑ ካልተመለሰ ያንን ቤት ለቅቄ ልሄድ ቆርጬ ነበር። የት እንደምሄድ አላውቅም፤ ብቻ ያንን ግድግዳ ተጠግቶ መኖር አቅቶኝ ነበር። በሯ በተከፈተ ቁጥር እነሳለሁ። ጥላዋለች አልኩ፤ ቀጥሎ ደግሞ ሰብራዋለች አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ጸሐይ ልትጠልቅ ስትል መጣች። ሳህኑ ላይ የሽምብራ ቆሎ አለ።

«ግቢ» አልኳት።

«አልገባም፣ ወጥ ጥጃለሁ።» ከቆሎው ዘገነችና አፏ ውስጥ ጨመረች። ሳህኑን ዘረጋችልኝ። ዘገንኩ። እሷም እንደገና ዘገነች። ቆመን ቆረጠምን።

«ጥርስሽ ተሻለው?» አልኳት።

ወደ ጣሳዎቹ ዞር አለች። «ነገ ቦኖ አብረን እንውረድ፣ ጸሐይ ሳትወጣ። በነዚህ ጣቶችሽ ጀሪካን ልታነሺ ነው?»



ከዚያ በኋላ በነበረው የአቦ ዕለት መጋረጃዬን ዘግቼ ተቀምጬ ነበር። ነይ ያለኝ የለም። ወደ ማታ በሬ ተንኳኳ፤ ጠላው በብርጭቆ መጥቶልኛል፣ በእሷው ብርጭቆ። ጠጥቼ አጠብኩት። ምን አድርጌበት እንደምመልሰው ሳስብ አመሸሁ።