ጭሱን የሚበላ ምድጃ

ከናዝሬት የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። ሰው ስለ ስደት ሲያወራ ሌሊትና ጨለማ ያነሳል፤ እኔ ግን ከሰዓት በኋላ፣ የጣቢያው ቆርቆሮ በፀሐይ እየተንጣጣ፣ የሦስት ዓመት ልጄን ሊዲያን አዝዬ፣ ሁለት ዘንቢል የዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት አንጠልጥዬ፣ ድሬዳዋ ወርዳ የምትሸጥ ነጋዴ መስዬ ነው ባቡር ላይ የወጣሁት። የባለቤቴ ታላቅ እህት እትዬ ጫልቱ እስከ ጣቢያው ሸኙኝ። ባለቤቴን እንደ እናት ሆነው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አላለቀሱም፤ እኔም እንዳላለቅስ ዓይኔን አላዩኝም። አጠገባችን የቆመው ዘበኛ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ገበያው ካልጣመሽ ቶሎ ተመለሺ አሉኝ። ከዚያ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብለው፣ «ነጋቲ» አሉኝ። ደህና ሁኚ ማለታቸው ነው።

ባለቤቴ ገመቹ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ እኛ ቤት አሥር የማንሞላ ሰዎች እየተሰበሰብን፣ መዝሙሩን በሹክሹክታ እየዘመርን እንጸልይ ነበር። አንድ ረቡዕ አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ወሰዱት። ከሦስት ወር በኋላ የቀበሌያችን ሊቀመንበር እኔንም አስጠራኝ። ጥፋቴን አልነገረኝም። «ሰኞ ስትመጪ ብርድ ልብስ ይዘሽ ነይ» ብቻ አለኝ። የናዝሬት ሙቀት ብርድ ልብስ የሚያስይዝ አይደለም፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። ቅዳሜ ባቡር ተሳፈርኩ።

ከድሬዳዋ ወዲያ ያለውን መንገድ ከኮንትሮባንድ ነጋዴዎች ጋር በእግር ነው ያለፍነው። ሊዲያን ግመል ላይ ከጨርቅ ጥቅል ጋር አስረውልኝ፣ እኔ ከኋላ እየተከተልኩ ስድስት ቀን ሄድን። ጅቡቲ ሁለት ዓመት ቆየን፤ የፈረንጅ ልብስ አጥብ ነበር። ናዝሬት ይሞቃል የምትሉ ሁሉ ጅቡቲን አላያችሁም። የሊዲያ ደረት የታመመው እዚያ ነው፤ አቧራ በተነሳ ቁጥር ትንፋሿ ያፏጫል። ስደተኞችን የሚመዘግበው ፈረንጅ በአስተርጓሚ ባልሽ የት ነው አለኝ። እስር ቤት አልኩት። ወንጀሉስ አለኝ። ጸልዮ ነው አልኩት። ቅጹን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና፣ «ይህን የምጽፍበት ቦታ የለውም» አለኝ። በመጨረሻ ምን እንደጻፈ አላውቅም፤ ብቻ ካናዳ ያሉ አማኞች ኃላፊነት ወስደው አስመጡን።

የደረስነው በኅዳር ነው። ከተማ ያሉን የዛፍ ብዛት ነበር። ቤቶቹ እርስ በርስ አይተያዩም፤ እንደኛ ሰፈር ሳያንኳኳ ገብቶ ጨው አለሽ ወይ የሚል ሰው የለም። የሰጡን ቤት የአንድ ሚስተር ሃዋርድ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ነው፤ እሳቸው ከመንገዱ ማዶ ይኖራሉ። ስሜ ሂሩት ነው፤ አልሆንላቸው ሲል ሩት አሉኝ፤ ተውኩት። ሳሎኑ መሐል ጥቁር የብረት ምድጃ ተቀምጧል። ቤቱን የሚያሞቀው እሱ ብቻ ነው። ሚስተር ሃዋርድ በጣታቸውም በአፋቸውም ብዙ አስረዱኝ፤ ባለቀለም ወረቀት አይገባበትም፣ ቀለም የተቀባ እንጨት አይገባበትም፣ ቆሻሻ አይገባበትም። ውስጡ ካታሊስት የሚባል፣ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ነገር አለ፤ እነዚህ ያበላሹታል። እኔ ከሰል እያያያዝኩ፣ እሳት እያዳፈንኩ ያደግሁ ሰው፣ በሆዴ ሳቅኩ። እሳት አውቃለሁ አልኳቸው።

«ይሄ እሳት አይደለም ሩት፤ ማሽን ነው» አሉኝ።

ያልኩትን ያህል አላወቅሁም። እንጨቱ ቶሎ እንዳያልቅብኝ ገና ሲያያዝ አየሩን ጥርቅም አድርጌ እዘጋለሁ፤ ልክ እሳት እንደማዳፍን። ፍልጡ እርጥብ ነው፤ ይንፈቀፈቃል እንጂ አይነድም። በሩን ስከፍት ጭሱ ፊቴ ላይ ይወጣል። መስታወቱ ጠቆረ፣ መጋረጃው ሸተተ፣ ቤቱ ግን አልሞቀም። ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ እየተነሳሁ እጨምራለሁ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ሊዲያን ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ ጣቶቿ አንገቷ ላይ ሆነው አገኘኋት። አቅፌ በባዶ እግሬ በበረዶው ላይ መንገዱን ተሻገርኩ። ሚስተር ሃዋርድ ምንም ሳይጠይቁ መኪናቸውን አስነሱ።

ክሊኒክ ውስጥ መድኃኒት በጭምብል እንድትስብ አደረጉ፤ ተረፈች። ሐኪሟ ግን ቀሚሴን አሸተተችና በዝግታ፣ ቃል በቃል፣ እንዲገባኝ አድርጋ ነገረችኝ፤ ወይ ጭሱ ከዚያ ቤት ይወጣል፣ ወይ ልጅቱ ትወጣለች። ሶሻል ወርከር የምትባለዋ፣ የልጆችን ደህንነት የምትከታተል ሴትም መጣች። ለክረምቱ ልጅቷን ሌላ ቤተሰብ ዘንድ ብናስቀምጣትስ አለች። ባሌን በሰው እጅ ትቼ ነው የመጣሁት፤ ልጄንም ልሰጥ ነው ብዬ አሰብኩ። አስተርጓሚ ስለሌለ ያልኩት አንድ ቃል ብቻ ነው። «ኖ።» አንድ ሳምንት ሰጠችኝ።

በማግስቱ ሚስተር ሃዋርድ ከራሳቸው ክምር ሁለት ዓመት የደረቀ እንጨት በትራክተር ጭነው መጡ። ሁለት ፍልጥ አንስተው አጋጩት፤ እንደ ደወል ጮኸ። የእኔን አጋጩት፤ ድብ አለ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጥንና አስተማሩኝ። መጀመሪያ ማፈን የለም። አየሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ በቀጫጭን ደረቅ እንጨት ግማሽ ሰዓት ያህል ማንደድ ነው። ምድጃው ላይ ቴርሞሜትር አለ፤ መርፌው ምልክቱን ሲያልፍ ብቻ በጎኑ ያለውን እጀታ ማዞር። ያን ጊዜ ጭሱ በቀጥታ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ በዚያ ማር እንጀራ ውስጥ ያልፋል፣ እዚያም ራሱ ጭሱ ይቃጠላል። ወፋፍራሙን ፍልጥ ጨምሮ በደንብ እስኪይዝ መጠበቅ፤ ከዚያ አየሩን ጥቂት ጥቂት እያሉ መቀነስ። መርፌው ከወረደ ተቸኩሏል ማለት ነው፤ ከፍቶ እንደገና መጀመር። እሳቱ ዝቅ ብሎ፣ ያለ ነበልባል ለማለት ይቻላል፣ ሰዓታት ይቆያል።

«ይህን ምድጃ ባለቤቴ ነበረች የምታውቅበት» አሉኝ ሲነሱ። «እሷ ከሞተች ወዲህ እኔ ቤት በዘይት ነው የማሞቀው።»

አራት ቀን ተበላሸብኝ። ቸኩዬ እዘጋለሁ፤ መርፌው ይወርዳል። በአምስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ አየሩን በጣት ስፋት እየቀነስኩ፣ በየመሐሉ ወደ ውጭ እየወጣሁ የጭስ ማውጫውን ሳይ ቆየሁ። መጀመሪያ ነጭ ጭስ ነበር፤ ከዚያ ሳሳ፤ ከዚያ ጠፋ። ከአፉ በላይ አየሩ ብቻ ይርገበገባል፣ በቀትር የመቂ አስፋልት ላይ እንደሚርገበገበው። ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር፤ ግን በእኛ አገር ጭስ የማይወጣበት ቤት ሰው የሌለበት ቤት ነው።

ሲነጋ ግን ፍሙ ቀይ ነበር፤ ሊዲያም ሌሊቱን ሙሉ አንዴም ሳትስል ተኝታለች። ሶሻል ወርከሯ መጥታ ቤቱን አሸተተች፣ መጋረጃውን አሸተተች፣ ወረቀቷን አጥፋ ሄደች። ከዚያ በኋላ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር እንጨት የምጨምረው። ነገር ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያን ሁሉ ሳምንት ለእሳቱ ስነሳና ስተኛ ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። አሁን የሚያስነሳኝ ነገር ሳይኖር እነቃና ገመቹን ሳስብ ይነጋል። ሲሚንቶ ላይ ነው የሚተኛው? መነጽሩን መልሰውለት ይሆን?

በየካቲት ስልክ ተሳካልኝ። በደብዳቤ ተቃጥረን እትዬ ጫልቱ ስልክ ያለው ሱቅ ጠበቁኝ። እኔ ጋ እሁድ ጠዋት ነው። ስልኩ ያለው ሚስተር ሃዋርድ ቤት ነበርና፣ ላሞቹን ልይ ብለው ወጡልኝ። የእትዬ ድምፅ ሩቅና ቀጭን ነበር። ሊዲያን ጠየቁኝ፤ ደህና ናት አልኩ። መስመሩን ሰው እንደሚሰማው ሁለታችንም እናውቃለን። ገመቹስ አልኳቸው።

«ማክሰኞ ምሳውን ወስጄለት ነበር» አሉኝ። «አልተቀበሉኝም። ከእንግዲህ አታምጪ አሉኝ።»

የዚያን ዘመን ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የእስረኛ ምግብ እስከገባ ድረስ እስረኛው አለ።

«ተዛውሮ ይሆናል» አልኩ።

«ይሆናል» አሉ። ከዚያ ብርዱ እንዴት ነው አሉኝ። እኔም ሌላ የምለው ስላልነበረኝ ስለ ምድጃው ነገርኳቸው፤ እንጨቱ ሁለት ዓመት መድረቅ እንዳለበት፣ አየሩ እንዴት ቀስ እያለ እንደሚዘጋ፣ አንዴ የጫኑት እስኪነጋ እንደሚቆይ። ሁሉንም ሰሙኝ። ጭሱስ ወዴት ይሄዳል አሉኝ። እዚያው ይቃጠላል አልኳቸው። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ሊዲያ ቀሚሴን ይዛ ቆማ ነበር። «አባቢ ምን አለ?» አለችኝ።

«ሰላም ብሎሻል» አልኳት። እስከ ዛሬ ያን ውሸት አላረምኩላትም።