የአቶ ቱዶራ ጨው

መብራት ባይጠፋ ኖሮ ይህ ሁሉ ነገር አይመጣም ነበር። ጊዜው ትምህርት በፕላዝማ የሚሰጥበት ነው። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ እየተጣደፈ ያስተምራል፣ ደመወዝ የምበላው እኔ ከጎኑ ቆሜ አያለሁ። ወላይታ ሶዶ ላይ መብራት እልም ሲል ግን እሱ ይሄድና ልጆቹ ለእኔ ይቀራሉ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን እንደ ልማዱ ሲጠፋ በእርዳታ ከመጡት መጻሕፍት አንዱን ይዤ ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ። ቱዶር የሚባሉ ነገሥታት እንግሊዝን በገዙበት በዚያ በጥንቱ ዘመን፣ አንድ ሀብታም ቤተሰብ ከጠዋት እስከ ማታ እንዴት እንደሚውል ይተርካል። አነበብኩላቸው። እኛ ጋ የወንድ ስም መጨረሻው "አ" ቢሆን ይወደዳል፤ ስለዚህ ክፍሉ በሙሉ ቱዶርን የሰውየው ስም አድርጎ "አቶ ቱዶራ" አለው። የነገሥታት ዘር ነው ብዬ ባስረዳ ማን ይስማኝ! አቶ ቱዶራ እዚሁ ቅርብ በበዴሳ ከተማ ገበያ ላይ የሚያውቁት ሰው ሆኖ አረፈው።

"ቲቸር፣ ስንት ላም አለው?"

"መጽሐፉ አይልም።"

"እንሰትስ?"

እንሰት የለውም ስላቸው እርስ በርስ ተያዩ። እንሰት ከሌለው ምኑን ሀብታም ሆነ? ወለሉ ላይ ቄጠማ መሳይ ሣር ይጎዘጉዛል ስል ግን ትንሽ ታረቁት። ልጆቹ ጠዋት ጠዋት ተንበርክከው የእናት የአባት ምርቃት ይቀበላሉ፣ ትምህርት ቤት ደግሞ በአርጩሜ ይገረፋሉ ስላቸው ሁሉም ቀና ብለው እኔን አዩኝ። "ምን ታፈጣላችሁ? እኔ ከአቶ ቱዶራ ቤት አስተማሪ በስንት ጣዕሜ!" አልኳቸው።

ከሁሉም ቀልባቸውን የያዘው ጨው ነው። በዚያ ቤት በረጅሙ ገበታ መሐል ትልቅ የጨው ዕቃ ይቀመጣል። ባለቤቶቹና የተከበሩ እንግዶች ከጨው በላይ ይቀመጣሉ፣ ሌላው ሰው ከጨው በታች። ማን ምን እንደሆነ በጨው ይታወቃል። አንዷ ከኋላ "ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ" ብላ ተረተችና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

በዚያው ሞቅታ ለወላጆች ቀን በቴአትር እናሳየው አሉ። እኔም ሞኝ ነኝ፣ እሺ አልኩ።

የቤቱን እመቤት ሆኖ ለመጫወት ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ እንደዚያች ከኋላ እንደተረተችው ልጅ ድምፅ ያለው ደግሞ አልነበረም። ስታነብ ጎረቤት ክፍል ይሰማል። እናቷ ሸክላ ሠሪ ናት። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር፤ ድስቱን እነሱ ይሠሩታል፣ እኛ በድስቱ አብስለን እንበላለን፣ አብሯቸው ገበታ የሚቀርብ ግን ጥቂት ነው። ጸሎት ቤት አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን አብረን እንዘምራለን፣ ምሳ ሲደርስ ግን ማናችንም አናውቃቸውም። ይህ ነገር ያኔም ያቃጥለኝ ነበር፣ ዛሬም ያቃጥለኛል። ልጆቹ እመቤትነቷን አልተቃወሙም። ጨዋታ ነዋ! የጨው ዕቃ ከየት እናምጣ ስል ራሷ "እናቴ ትሠራለች" አለች፤ ክዳን ያለው፣ ሆዱ ሰፋ ያለ የሚያምር ነገር ይዛ መጣች።

ችግሩ የመጣው ከእንግዳ አቀባበሉ ነው። እኛ ጋ የምትወደውን ሰው ስትቀበል ከአንድ ቅል ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመህ ትጠጣለህ። ልጆቹ ይህን ቴአትሩ ውስጥ አስገቡት።

"እንግሊዞች እንዲህ አያደርጉም" አልኩ።

"ታዲያ እንግዳ እንዴት ይቀበላሉ?"

"ጎንበስ ይላሉ።"

"ጎንበስ ብቻ?"

ለአቶ ቱዶራ ከልባቸው አዘኑለት። እንዲህ ያለ ሀብታም እንግዳውን በደረቁ ሲቀበል ማየት አልቻሉም። ተሸነፍኩና ቅሉ ገባ። ጴንጤዎች ስለሆንን ውስጡ የሚደረገው ብርዝ እንዲሆን ተስማማን።

እንግዳዋን የምትጫወተው የአንዲት ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነበረች። በልምምድ ቅሉ ባዶ ነው፤ እንደዚያም ሆኖ ጉንጯ የእመቤቲቱን ጉንጭ አይነካም። መሐላቸው መዳፍ ይገባል። "ጠጋ በይ እንጂ" ስላት "በዕለቱ እጠጋለሁ ቲቸር" ትለኛለች፣ ዓይኗን ሰብራ።

እመቤቲቱ ይህን ሁሉ ትሰማለች። አንድ ቀን ሌሎቹ ሲወጡ ወደኋላ ቀረችና "በዕለቱ እናቴ ትመጣለች" አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም፤ ለእኔ ግን በቂዬ ነበር። ልጅቷ በእናቷ ዓይን ፊት ቅሉን ይዛ ቆማ ብትቀርስ? ቅሉን እናውጣው ይሆን አልኳት። "አይ፣ ይኑር" አለች።

ቀኑ ደረሰ። ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሏል፣ ሹማምንቱ ሶፋ ላይ ናቸው፣ ጨርቅ ነጋዴዋ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፊት ተቀምጣለች። ሸክላ ሠሪዋ እናት መጨረሻ ላይ፣ ከዳሱ ምሰሶ ጋ ቆማለች። ጌቶቹ በእንግሊዝኛ፣ አሽከሮቹ በአማርኛ ነው የሚናገሩት፤ አሽከር የሆነው ልጅ ገና ሲገባ "እመቤቴ መጣ!" ብሎ ሕዝቡን አሳቀው። አልፈረድኩበትም፤ በወላይትኛ አፉን የፈታ ሰው አማርኛ ላይ ወንድና ሴት ቢምታታበት ምን ይደንቃል፣ እኔም ስናደድ ይምታታብኛል።

እንግዳዋ ገባች። እመቤቲቱ ብርዝ የሞላውን ቅል በሁለት እጇ ይዛ ተነሣች፣ በዚያ በሚያምር እንግሊዝኛዋም ከጨው በላይ እንድትቀመጥ ጋበዘቻት። እንግዳዋ እስከ ጨው ዕቃው መጣችና ቆመች። ፊት ወንበር ላይ ጨርቅ ነጋዴዋ እናቷ ጉሮሮዋን ጠረገች። ልጅቷ እናቷን አየች፣ ቅሉን አየች፣ መሬት አየች። እኔ መጋረጃው ጀርባ ሆኜ ቅሉን አስገቡ ያልኩበትን ቀን ረገምኩ።

እመቤቲቱ ቅሉን ገበታው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ የጨው ዕቃውን ብድግ አድርጋ ከጠረጴዛው ሥር ከተተችው። ይህ በልምምድ አልነበረም። እንግሊዝኛውንም ተወችውና በአማርኛ፣ ዳሱ ሙሉ እንዲሰማ አድርጋ፣ "በዚህ ቤት ጨው አልቋል። የፈለግሽበት ተቀመጪ" አለቻት።

መጀመሪያ የሳቁት ተማሪዎቹ ናቸው፣ ከዚያ ሹማምንቱ ሳቁ። እንግዳዋም መሳቅ ጀመረች፤ እየሳቀች መጣች፣ ጉንጯን ገጠመች፣ ጠጡ። ሳቁ ስላልለቀቃቸው ብርዙ ባንገታቸው ወረደ። መሐላቸው እንኳን መዳፍ ነፋስም አይገባም ነበር። ጨርቅ ነጋዴዋ አላጨበጨበችም፤ ተነሥታም አልወጣችም። እኔ መጋረጃው ጀርባ አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

ሕዝቡ ሲበተን ሸክላ ሠሪዋ ወደ እኔ መጣች። የጨው ዕቃዋን ከጠረጴዛው ሥር አውጥታ ደረቷ ላይ አቅፋዋለች፤ ፊቷ አላማረኝም። ክዳኑን ከፍታ ውስጡን አሳየችኝ።

"ቲቸር" አለችኝ በወላይትኛ፣ "ልጄ በሰው ፊት አልቋል ያለችው ለምንድን ነው? እኔ እኮ ሞልቼ ነው የላክሁት።"