ቅዳሜ ሞተር ስናጥብ

ባለቤቴ ሞተር ሳይክሉን ሲያጥብ ደጋፊዋ እኔ ነበርኩ። ከመሥሪያ ቤቱ በጨረታ የወጣች አሮጌ ሞተር ናት፤ ያላት አንድ የጎን እግር ብቻ። የኋላ ጎማዋ ከመሬት ተነሥቶ እንዲዞር ከተፈለገ አንድ ሰው መሪዋን ይዞ፣ በጎን እግሯ ላይ ወደ ራሱ አዘንብሎ መቆም አለበት። እሱ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ጎማውን እያዞረ ሰንሰለቱን በናፍጣ ይፈትጋል፤ እኔ ከላይ ሆኜ የሳምንቱን ወሬ አወራለታለሁ። ክንዴ ሲዝል «ቶሎ በል እንጂ፣ ልለቃት ነው» እለዋለሁ። «ልቀቂያትና ሁለታችንንም ትቅበረን» ይለኛል።

ቅዳሜ የኛ ቀን ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ የውሃ ፓምፕ ሲጠግን ገጠር ለገጠር ይዞራል። እሁድ ደግሞ እሱ የሰሜን ሰው፣ ኦርቶዶክስ፤ እኔ የሲዳማ ልጅ፣ ጴንጤ፤ እሱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ እኔ ወደ ጸሎት ቤቴ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ኋላው ተቀምጬ ሐይቁ ዳር ወዳለው ዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል እንወርድና ዓሣ ይዘን እንመለሳለን። ሞተሯ የሐይቁን ዳር አሸዋ ጠጥታ ትመጣለች፣ ከሰዓት እናጥባታለን። ከዚያ ኑሮዬ የሚናፍቀኝ ሌላ ሳይሆን ይኸው ነው።

አንድ ቀን ድንገት «ለሞተሯ ማቆሚያ ላሠራ ነው» አለኝ። መናኸሪያ አጠገብ ወደሚበይዱ አንድ ሽማግሌ ይዞኝ ሄደ። ሁለት ዓይነት አሳዩን። አንደኛው የኋላ ጎማዋን ከፍ አድርጎ የሚያቆም ከባድ የብረት ማቆሚያ ነው፤ ሞተሯን አንድ ሰው ደግፎ፣ ሌላው ከሥር ያስገባዋል። ሁለተኛው መሬት ላይ የሚቀመጥ አጭር ነገር ነው፤ ኩሽኔታ የገባላቸው ሁለት የቧንቧ ቁራጮች ጎን ለጎን ይዞራሉ፣ የሞተሯ ጎማ ገፋ ተደርጎ ላያቸው ላይ ይወጣል፣ ከዚያ በአንድ እጅ ማዞር ነው። ደጋፊ አያስፈልግም።

«ማቆሚያው ይሻላል፣ ጠንካራ ነው» አልኩ። ስለ ጥንካሬው ምን አውቄ! ቦታዬ እንዳይወሰድብኝ ነው።

«ማዞሪያው ይሁን» አለ። ሽማግሌውን ወደ ጎን ወስዶ በእጁ ከፍታ እየለካ ብዙ አወራቸው።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አልኩት በመንገድ። «እኔ እያለሁልህ ብረት ምን ያደርግልሃል?»

እሱ ነገር በሆዱ የሚይዝ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ኩርፊያ አላውቅም ብል ጎረቤት ይስቅብኛል። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ከቤት ሳልወጣ ብቻውን አጠበ። በሦስተኛው መጥቶ እጄን ያዘና «ነይ፣ ሞክሪው» አለኝ።

«ሰው የማይፈልግ ዕቃ አሠርተህ ምን ልሞክር?»

ግን ወጣሁ። ጎማዋን እንዴት እንደምገፋ፣ ከጎን እግሯ ሥር የትኛውን ጣውላ እንደማስገባ፣ ሰንሰለቱን እንዴት እንደምቀባ አንድ በአንድ አሳየኝ። ፊቴን እንዳጠቆርኩ ተማርኩ።

ብዙም ሳይቆይ ወታደር የነበረ ሁሉ ተመልሶ እንዲገባ ተጠራ። እሱ በልጅነቱ ጦሩ ውስጥ መካኒክ ነበር። ወደ ሰሜን ሲሄድ «ቆማ እንዳትበላሽ በየቅዳሜው አዙሪያት። ስመጣ እንደተውኳት ላግኛት» አለኝ። ሁለት ደብዳቤ ደረሰኝ፤ በሁለቱም ከእኔ ጤና ቀጥሎ ስለ እሷ ይጠይቃል። በሞተር ቀናሁ።

በየቅዳሜው አጠብኳት፣ አዞርኳት። ኋላ ግን የማሽን ቅባቱ ግራሶ ከከተማው ጠፋ። እኛ ዘንድ የከበረ ሰው አናቱን ቅቤ ይቀባል፤ ቅቤ የማያለሰልሰው ነገር ያለም አልመሰለኝም። እናቴ የላከችልኝን ለጋ ቅቤ ሰንሰለቱንም ኩሽኔታዎቹንም ጥግብ አድርጌ ቀባሁ። የሰፈሩ ድመት በሙሉ ሞተሯን ሲልስ ሰነበተ። ቅቤው አቧራ ይዞ ደረቀና ማዞሪያው ድርቅ ብሎ ቀረ።

ተሸክሜው ወደ ሽማግሌው ሄድኩ። ከፈቱት፣ አሸተቱት።

«ምን ቀባሽው፣ የኔ ልጅ?»

«ቅቤ ነው፣ ጋሼ።»

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እያጸዱት ሳሉ ሳቃቸው ቆመ። «ባልሽ ያን ቀን ምን እንዳለኝ ነግሮሻል?»

«ምን አለዎት?»

«‹እሷ ከባድ ነገር ማንሣት አትችልም፣ ብቻዋን የምትገፋው አድርገው ዝቅ ያድርጉልኝ› አለኝ። ‹አንተስ የት ልትሆን?› ስለው፣ ‹ስሜ የዘማቾች ዝርዝር ውስጥ እንዳለ ሰምቻለሁ፣ ለእሷ አልነገርኳትም› አለኝ።»

አጠገባቸው ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። በኩርፊያ ያባከንኳቸው ሁለት ቅዳሜዎች ትዝ አሉኝ። እሱ የቀሩትን እየቆጠረ፣ እኔ በር ዘግቼ። አሁንም ራሴን ይቅር አላልኩም።

መንግሥት ወድቆ ወታደሩ ሲበተን በየቀኑ መናኸሪያ እየሄድኩ ከአውቶቡስ የሚወርደውን ሰው ፊት አየሁ። የተጎሳቆለ፣ ጫማ የሌለው፣ አገሩ የጠፋበት ብዙ ሰው ወረደ። እሱ አልወረደም። ሞቷል ያለኝም የለም፣ አለ ያለኝም የለም።

ሞተሯን ብዙ ዓመት ካዞርኳት በኋላ ወንድሜ ወሰዳት። ማዞሪያው እስከ ዛሬ ጓሮዬ አለ። ብረት የሚያውቁ ሰዎች ሲያዩት ይነካኩትና «ጥሩ ሥራ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፣ አሁንም በአንድ እጅ ይዞራል። እኔ ግን ያኔም የፈለግሁት፣ ዛሬም የምፈልገው፣ ሁለት ሰው የሚጠይቀውን ማቆሚያ ነው።