ያልተወለደው አጎቴ ለቅሶ

ወንድሜ በር በእጁ አንኳኩቶ አያውቅም። እጆቹን ሱሪ ኪሱ ውስጥ ከትቶ የጊቢያችንን የቆርቆሮ በር ታችኛውን ጠርዝ በጫማው አፍንጫ ሁለቴ ይመታዋል፤ ዷ፣ ዷ። እኔ ገና ስሰማው ደሜ ይፈላል። «እጅህን ማን ወሰደብህ?» እያልኩ እጮሃለሁ። «እጄ ብርድ ይፈራል» ይለኛል። ጉለሌ ነውና የእንጦጦ ነፋስ ቁልቁል ይወርድብናል፣ ብርዱስ እውነት ነው፤ ግን እሱ በበጋም ያው ነው። እማዬ ታዲያ ምቱን እንደሰማች «መጣሁ፣ መጣሁ ልጄ!» እያለች ነጠላዋን እየጎተተች ትሮጣለች። ያሞላቀቀችው እሷ ናት። አባታችን በልጅነታችን ስለሞተ የቤቱ ወንድ እሱ ብቻ ነበር።

በዚያ ክፉ ዘመን አንድ ቀን እንደወጣ ቀረ። የታሰረበትን ቦታ አፈላልገን ካገኘን በኋላ እማዬ በየቀኑ ስንቅ ታመላልስለት ጀመር። አንድ ጠዋት ዘበኛው ሳህኑን ሳይቀበል «ከእንግዲህ አታምጪ፣ አያስፈልገውም» አላት። ሌላ ነገር አልተነገረንም። ያን ጊዜ ያ ንግግር ምን ማለት እንደሆነ የማታውቅ እናት አልነበረችም። ሬሳ አይሰጥም፣ ፍትሐት የለም። ማልቀስም ክልክል ነው፤ ለፀረ አብዮተኛ ያለቀሰ እሱም ፀረ አብዮተኛ ነው ተብሏል። እኔ ትራስ ነክሼ አለቀስኩ። እማዬ ግን ምግቡን ወደ ድስቱ መለሰችው፣ ሳህኑን አጠበች፣ አንዲት እንባ አልወጣትም።

ክረምቱ እንዳለፈ በሩ ሲመታ ትሰማ ጀመር። ሲመሻሽ፣ እሱ ይገባበት በነበረው ሰዓት። «መጣሁ ልጄ!» ብላ ትሮጣለች፣ ትከፍታለች፣ ማንም የለም። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ምንም አልሰማም። መጀመሪያ «ነፋስ ነው እማዬ» አልኳት። ቀጥሎ «የጎረቤት ውሻ ነው» አልኳት። በመጨረሻ ተናድጄ «ጆሮሽ ነው!» ብዬ ጮህኩባት።

«ጆሮዬማ የልጄን እግር ያውቃል» አለችኝ፣ ቁጣ እንኳ ሳይኖርባት። ከዚያ ወዲህ በሩን መቀርቀር ከለከለችኝ። መጥቶ ተዘግቶበት ቢመለስስ?

ይሄ ብቻ ቢሆን ምን ቸገረኝ። ነገር ግን ምቱ እየመሸ እየመሸ ሄዶ ሰዓት እላፊ ውስጥ ገባ። በዚያ ሰዓት ደጅ የተገኘ ሰው ማን ነህ ሳይባል ነው የሚተኮስበት። እማዬ ደግሞ በሩን ከፍታ አትመለስም፤ በባዶ እግሯ እስከ አስፋልቱ ወጥታ ግራና ቀኝ ታያለች። ወገቧን ይዤ እየጎተትኩ ነው የማስገባት። «ልጄን በብርድ አስመሸሽው!» እያለች ደረቴን ትመታኛለች። እኔ ቀን ቀን ቢሮ ታይፕ የምመታ ሰው ነኝ። እስከ መቼ ነው ሳልተኛ የምጠብቃት? አንድ ቀን እንቅልፍ ይጥለኛል፣ ያን ቀን እናቴንም በጥይት አጣለሁ። እንጦጦ ማርያም ወስጄ ጠበል አስጠመቅኳት፤ ተንቀጥቅጣ ተመለሰች፣ ማታ ግን ያው ነበረች።

ከታች በኩል አጥር የምንጋራት አንዲት ባለሱቅ ነበረች፤ የእማዬ እኩያ፣ ሙስሊም፣ ስኳሩንም ጨዋታውንም የማትሰስት ሴት። ልጇ የወንድሜ ጓደኛ ነበር። የጠፉትም አብረው ነው። እሷ ግን ለጠየቃት ሁሉ «ጅማ ለንግድ ሄዷል፣ ወላሂ ደህና ነው» ትላለች፤ ሁለተኛ የሚጠይቃት የለም። አንድ ቀን ሳሙና ልገዛ ብሄድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና «ከላይ፣ ባሕር ዛፉ ሥር አንዲት አዋቂ አለች። ደጅ የሚመታን ነገር ታነጋግራለች ይባላል» አለችኝ።

«ጠንቋይ ቤት ውሰጃት ነው የሚሉኝ፣ እትዬ?»

«ቀስ በይ፣ አፍሽ! አዋቂ ነው ያልኩሽ።»

ድንቄም አዋቂ! እኔ በየሳምንቱ በቀበሌው ውይይት ክበብ ተቀምጬ ስለ ኋላ ቀር ልማድ ንግግር የምሰማ ሰው ነኝ፤ ንግግሩን ራሴው ታይፕ የመታሁበት ጊዜም አለ። ጠንቋይ ቤቱ ያስገባ ሰው ምን እንደሚደርስበትም አውቃለሁ። እምቢ ብዬ ሳሙናዬን ይዤ ወጣሁ። በማግስቱ ማታ እማዬን አስፋልቱ ዳር ቆማ አገኘኋት፤ የጥበቃዎቹ ባትሪ ከላይ እየወረደ ነበር። ሲነጋ ባለሱቋ ዘንድ ሄጄ «ትምጣ» አልኩ።

እሁድ በጠራራ ፀሐይ አንዲት ሴትዮ ቁመቷን የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ቅጠል አዝላ ጎንበስ ብላ ገባች። ቅጠል ሻጭ መስላኝ «አንገዛም!» አልኳት።

«እኔም አልሸጥም» አለች ከሸክሙ ሥር።

ለካ ከጥበቃ ዓይን የምታመልጠው እንዲህ ነው። ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክማ የምትወርድን ሴት ወዴት ነሽ የሚላት የለም። ሸክሟን ጥላ ወገቧን ይዛ ቀና ስትል አየኋት፤ የወንድ ካፖርት፣ የጎማ ቦቲ ጫማ፣ ትልልቅ እጆች። ከበሮዋን ቀበሌ ወስዶባታል። «አሁን በባዶ እጄ ነው የምሠራው» አለችን። ገብስማ ዶሮ፣ ሽቶና አረቄ ትጠይቀናለች ብዬ የምመልስላትን ስድብ አዘጋጅቼ ነበር የጠበቅኳት። ውሃ ብቻ ጠየቀች። ስድቤ እጄ ላይ ቀረ።

ውሃዋን ጠጥታ ወደ በሩ ሄደች። መቀርቀሪያውን ነካካች፣ ማጠፊያውን አየች፣ ከዚያ እያጎነበሰች ወደ ታች ወረደች። ታችኛው ጠርዝ ላይ ወንድሜ ለዓመታት በጫማው የመታበት ቦታ ተሰርጉዶ ቀለሙ ለቋል። በየቀኑ ሳልፍበት አንድም ቀን ልብ አላልኩትም። በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

«አንቺ፣ ውጪና ምቺው» አለችኝ።

«እኔ?»

«እግር አለሽ አይደል?»

ወጣሁና መታሁት። ዷ፣ ዷ። እማዬ መውጣቴን በዓይኗ አይታለች፣ እኔ መሆኔን ታውቃለች። ግን ከውስጥ «መጣሁ፣ መጣሁ ልጄ!» የሚለው ድምፅዋ ተሰማኝ፣ ቀጥሎም ሩጫዋ። በሩን ከፍታ እኔን ስታይ ፊቷ ላይ የሆነውን ነገር ለጠላቴም አልመኝ። ከዚያ በፊት በእናቴ ተናድጄ ነበር እንጂ አላዘንኩላትም ነበር።

ሴትዮዋ ቤት ገብታ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ራሷን ወዝወዝ ወዝወዝ አደረገችና ድምፅዋ ወፍሮ የወንድ ሆነ። «ፈረሴ ደክሟታል፣ ውሃ ጨምሩላት!» አለ ያደረባት መንፈስ፤ ሴትዮዋን ፈረሴ የሚላት እሱ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር። በዚያ ቀን ከንፈሬ እምቢ አለኝ።

«ደጅ የቆመው አይገባም፣ አይሄድምም። ማን ሸኘው?»

እማዬ ዞር ብላ በሩን አየች።

«ተለቅሶለታል ወይ?»

«እንዴት ተደርጎ ጌታዬ! ክልክል ነው።»

«ታዲያ ያልሸኙት ሰው ወዴት ይሂድ? ደጅ ላይ ነው የሚቆመው። ዶሮ አልፈልግም። እኔ የምፈልገው ለቅሶ ነው።»

ሴትዮዋ ላቧን በካፖርቷ እጅጌ ጠረገችና ወደ ራሷ ድምፅ ተመለሰች። «ምን አለ?» ብላ እኔን ጠየቀችኝ፤ የተናገረችውን አታውቀውም። «ለቅሶ አለ» አልኳት። ትንሽ አሰበችና ወደ እማዬ ዞረች።

«ወንድም አለሽ?»

«የለኝም። ለእናቴ አንድ ነኝ።»

«እንግዲያው ነበረሽ። አገር ቤት ነበር የሚኖረው። ሞተብሽ።»

እማዬ ገባት፣ ግን ክርስቲያን ናትና ፈራች። «ላልተፈጠረ ሰው ማልቀስ ኃጢአት አይሆንም?» አለች።

«ለተፈጠረውማ ከለከሉን» አልኩ። እኔ ነኝ ይህን ያልኩት፣ የውይይት ክበቧ ታይፒስት።

መርዶውን ያመጣችው ባለሱቋ ናት። ገና ሲነጋጋ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ገባች፤ ወጉ እንደሚያዘው እማዬን መሃል አስቀመጧት። «እንግዲህ ቻይው እህቴ፣ አገር ቤት ያለው ወንድምሽ አርፏል» አለቻት። ራሳችን የፈጠርነው ውሸት ነው፣ ዋዜማውን አብረን ስናጠናው አምሽተናል። እማዬ ግን ገና ያን ደቂቃ እንደሰማች ሆና ከመቀመጫዋ ብድግ አለችና «ልጄን!» ብላ ጮኸች። ሴቶቹ ወዲያው «ወንድሜን! ወንድሜን!» ብለው ድምፅዋን ሸፈኑላት። ያ ሁሉ እንባ እስከዚያ ቀን የት ተቀምጦ እንደነበር እንጃ። ደረቷን ስትመታ፣ መሬት ስትወድቅ፣ እኔ እያለቀስኩ «እሰይ እማዬ፣ እሰይ» እላታለሁ። እናቷ ስታለቅስ እሰይ ያለች ልጅ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ዕድሩ ድንኳን ተከለ። ሰው መጣ፣ ጨመረ፣ ኋላማ ወንበር አለቀ። ከቀጨኔም ከሽሮ ሜዳም በመልክ የማናውቃቸው ሴቶች እየመጡ እማዬን አቅፈው ይንሰቀሰቃሉ። ወሬው እንዴት እንደደረሳቸው አላውቅም። ሟቹ ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ ሁሏም የራሷን ሟች ይዛ ነው የመጣችው። አጎቴ በወሬያችን ሽማግሌ ገበሬ ነበር፤ አልቃሿ ግን ጢሙ ገና ያላጎጠጎጠ እያለች ሙሾ ታወርድለት ጀመር። እማዬም ተነሥታ አብራት አወረደች፦

«በሩን በእግሩ መቺ፣ እጁን ከኪስ ከትቶ፣
ምነው ቀረ ዛሬ፣ እራቱ ተሠርቶ።»

ባለሱቋ ጥግ ይዛ ከሁሉም በላይ ታለቅስ ነበር። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። «የኔውስ ደህና ነው፣ ጅማ ነው» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት።

ከሰዓት በኋላ አንድ አብዮት ጠባቂ መሣሪያውን አንግቶ ድንኳኑ በር ላይ ቆመ። የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ከወንድሜ ጋር ኳስ ሲራገጥ አድጎ ስንቴ ቤታችን በልቷል። ለቅሶው ጸጥ አለ።

«ማን ነው የሞተው?» አለ።

«ወንድሜ ነው» አለች እማዬ።

«ስንት ዓመታቸው ነበር?»

ይህን አላጠናነውም። ስለ አገሩ፣ ስለ ሕመሙ፣ ስለ ከብቶቹ ሁሉ ተዘጋጅተናል፤ ዕድሜውን ያሰበ የለም። እማዬ ቀና ብላ አየችውና «አሥራ ዘጠኝ» አለች።

የምትለው የወንድሜን ዕድሜ ነው። እሷ ራሷ ከሃምሳ አልፋለች፣ ሽበቷ በነጠላዋ ሥር ይታያል። አለቀልን አልኩ በልቤ። ልጁ መሬት መሬት ሲያይ ቆየ። ከዚያ መሣሪያውን ከትከሻው አውርዶ ከተለቀቀለት ወንበር ሥር አጋደመና ተቀመጠ።

«እናትዎ በስተርጅና ነዋ የወለዱት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነፍስ ይማር፣ እማማ።»

«ንፍሮ ስጡት» አለች እማዬ።

በሰልስቱ ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ እማዬ ራሷ ሄዳ በሩን ቀረቀረች። ግንባሯን ቆርቆሮው ላይ አስደግፋ የሆነ ነገር ተናገረች፣ ምን እንዳለች አልሰማሁም፣ አልጠየቅኳትምም። ያን ማታ ተኛች። እኔም ከእሷ ቀድሜ ተኛሁ።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ሲመሻሽ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ እማዬ ምስር እየለቀመች ሳለን፣ ዷ፣ ዷ። በዚህ ጊዜ የሰማሁት እኔ ነኝ፤ ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። እማዬ አልሮጠችም። ሰፌዱን ከጭኗ ሳታወርድ አዳመጠች።

«ይሄ የኔ አይደለም» አለች። «የኔማ ተለቅሶለታል።»

«ታዲያ የማን ነው?»

በአገጯ ወደ ታችኛው አጥር አሳየችኝ። ሰፌዱን አስቀምጣ ነጠላዋን አደረገችና ወጣች፤ ተከተልኳት። ሱቁ ተዘግቷል። እማዬ የባለሱቋ ጊቢ በር ላይ ደርሳ፣ ምን ብላ እንደምትጀምር እያሰበች መሰለኝ፣ ትንሽ ቆመች። ከዚያ እጇን አንሥታ ሁለቴ አንኳኳች።

«መጣሁ!» አለ የባለሱቋ ድምፅ ከውስጥ። ስትሮጥ ነጠላ ጫማዋ ይሰማናል። «መጣሁ፣ መጣሁ ልጄ!»