ላዳ ውስጥ የተቀበልነው ምርቃት

አባቴ መስቀልን አዲስ አበባ አክብሮ አያውቅም። በየዓመቱ ጉራጌ አገር ይወርዳል፤ ታላቅ እህቱ ካልመረቁት ክትፎ አይቀምስም። ያን ዓመት ግን ዳሌው ተሰብሮ ካዛንቺስ ቤታችን ቀረ። ስለ ሕመሙ ትንፍሽ አላለም፤ "ሳልመረቅ መስቀል ሊያልፍ ነው?" እያለ ግን አንጀቴን በላው።

እኔም መላ አመጣሁ፤ በስልክ ይመርቁታል። ለአክስቴ ደውዬ አስተማሪ ሆንኩባቸው። "እትዬ፣ እዚያ መብራት የለም፤ ስልክዎን ቀደም ብለው ከተማ ልከው ቻርጅ ያስደርጉ። በቃ፣ በበዓሉ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይደውሉ።" እሳቸው "እሺ ልጄ" ብቻ አሉ። ለአባቴም ደስ እንዲለው አዲስ ተች ስልክ ገዛሁለት።

በዋዜማው ሰፈራችን መብራት ጠፋ። ሲነጋ የእሱም የእኔም ስልክ ሞቷል። ጎረቤት ዞርኩ፤ ሁሉም እንደኛው ነው። ባምቢስ ያለው ቢሮዬ ለበዓሉ ተዘግቷል። አባቴ ነጭ ለብሶ፣ ክትፎው ፊቱ ቀርቦ፣ የማይበራውን ስልክ ጨብጦ ይጠብቃል። በራሴ እንዲያ ተናድጄ አላውቅም።

በራችን ላይ የሚቆም አንድ ባለላዳ ሲያየኝ ችግሬ ገባው። "ጋሼን አምጪያቸው፤ መኪናው ውስጥ ቻርጀር አለ" አለኝ። ደግፈን ጋቢና አስገባነው፤ እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። የአባቴ ስልክ ገና እንደበራ ጠራ፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈትኩት።

"ከሦስት ሰዓት ጀምሬ ስደውል ነበር፤ ምን ነካችሁ?" አሉ አክስቴ።

"መብራት የለም፣ እትዬ" አልኩ፤ አፈርኩ።

"ውይ በሞትኩት! እኔ እኮ ጣሪያዬ ላይ ሶላር አስተክያለሁ። የመንደሩ ሰው ስልኩን የሚሞላው እኔ ጋ ነው። ያኔ ስታስተምሪኝ እንዳታፍሪ ብዬ ዝም አልኩሽ።"

ከዚያ በጉራጊኛ መመረቅ ጀመሩ። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ አንገቱን ደፋ። ባለላዳው ቋንቋውን ባያውቅም ሞተሩን አጥፍቶ "አሜን" ይላል። እኔ ሁልጊዜ ሥራ እያመካኘሁ እዚያ አገር ሄጄ አላውቅም፤ ይህን ምርቃት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

"ልጅህ አሁንም አጠገብህ አለች?" አሉ አክስቴ፣ መሐል ላይ አቁመው።

"አለች።"

"እሷም ጎንበስ ትበል።"

ግንባሬን አባቴ ትከሻ ላይ አስደገፍኩ። አሜን ልል አፌን ከፈትኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ። አባቴ ስለ እኔም አሜን አለልኝ።