ሳልተረጉም ያስቀረሁት ቃል

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የንስሐ አባቴ ፊት ቀርቤ ሰው አማሁ፣ ጾም ገደፍኩ እያልኩ ትንንሹን ስቆጥር ይሄን ትልቁን እየዘለልኩ ኖሬአለሁ። ዛሬ ለእናንተ እናገራለሁ። ፍረዱብኝ እንጂ አትዘኑልኝ።

ፈንታዬ እባላለሁ። ካርቱም ከገባሁ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ዐማራት የሚባል ሰፈር አንድ ቤት ወጥ እሠራለሁ፤ የምኖረው ቡሪ ነው፣ ከሌሎች ሐበሾች ጋር አንድ ግቢ ውስጥ። ዐረብኛው ስለሚቀናኝ ሐኪም ቤት የሚሄድ፣ ወረቀት የሚያሳድስ ሁሉ እኔን ይዞ ነው የሚወጣው። የግቢው አፍ እኔ ነበርኩ፤ ኩራቴም ያ ነበር።

ይርጋ እዚያው ግቢ ይኖራል፤ ረክሻ የምንላትን ባጃጅ ይነዳል። ሦስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ሥራ ቦታዬ ያደርሰኝ ነበር። እሱ ምንም አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም፤ በልቤ ግን ድግሱን ደግሼ፣ እንግዳ ጠርቼ ጨርሻለሁ። ከዚያ ሰናይት የምትባል ልጅ ከጎንደር መጣች። ሥራ ያገኘሁላት እኔ፣ ክፍሌ ውስጥ ፍራሽ ያነጠፍኩላት እኔ። ሁለት ወር ሳይሞላ ይርጋ ጠዋት ደጄ ላይ ቆሞ ሰናይት ተነሣች ወይ ማለት ጀመረ። ባጎረስኩ ተነከስኩ አልኩ። ቀናሁ። በሳቋ ቀናሁ፣ በፀጉሯ ቀናሁ፣ ዐረብኛ ባለማወቋ እንኳ ቀናሁ፤ ቃል በቃል ሊያስተምራት ሰበብ ሆኖታልና።

ዝናቡ ባባራ ሰሞን ሰናይት ታመመች። እንደ እሳት ነደደች፤ ከዐይኗ በስተጀርባ ይወጋታል፣ አጥንቷ የተሰበረ ያህል ትቃትታለች። ግቢው በሙሉ ወባ ነው አለ። ክሊኒክ ስንወስዳት ደሟ ውስጥ ወባ አልተገኘም፤ ሐኪሟ ደንጊ የሚሉት፣ ትንኝ የምታስተላልፈው በሽታ ነው አለችን። ሐኪሟ በዐረብኛ ትናገራለች፣ እኔ እተረጉማለሁ። ይህች ትንኝ በቀን ነው የምትናከሰው፣ የምትራባውም ክዳን በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው ስትል ድምፄን ከፍ አድርጌ ተረጎምኩ፤ የግቢውን የውሃ በርሜል ሳትከድን የምትተወው ሰናይት ነበረቻ! ከፓናዶል ሌላ ማስታገሻ እንዳትወስድ፣ ፈሳሽ በብዛት ትጠጣ ያለችውንም ተረጎምኩ። ቀጥላ ሐኪሟ ጣቷን አንሥታ አንድ ነገር አስጠነቀቀች። ልክ ያኔ ይርጋ ጎንበስ ብሎ የሰናይትን እግር በነጠላዋ ሲሸፍን አየሁት።

«ምን አለች?» አለኝ።

«ትኩሳቱ ከለቀቃት ዳነች። አንተም ወደ ሥራህ ተመለስ» አልኩት።

እንድትሞት አልፈለግኩም። ከአልጋዋ እንዲርቅ ነው የፈለግኩት። ታዲያ ይሄ ኃጢአቱን ያቀልልኛል?

በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት። ይርጋ እግዚአብሔርን አመስግኖ ሥራው ሄደ። እኔም ሄድኩ፤ እያወቅኩ ሄድኩ። ሽንኩርት ስከትፍ አውቃለሁ፣ ድስት ስጥድ አውቃለሁ። እኩለ ቀን ላይ ሰናይት ደወለች።

«እትዬ፣ ሆዴን ቆረጠኝ፣ ያስመልሰኛልም። ትኩሳቱ ግን የለም። ደህና ነኝ አይደል?»

«ተኚበት፣ ይተውሻል» አልኳት።

ክሊኒኩ ውስጥ ቀንቼ ነው እንበል። ስልኩን ይዤስ? ስልኩ ላይ እግሯን የሚሸፍን ወንድ አልነበረም። እኔና የእሷ ድምፅ ብቻ ነበርን።

ወደ ማታ ስመለስ ትራሷ ላይ ደም አየሁ፤ ከድዷ ይፈስሳል፣ እጅ እግሯ በረዶ ሆኗል። ይርጋን ጮኼ ጠራሁት፤ «ያላ፣ ያላ!» እያልን ሶባ ሆስፒታል አደረስናት። ሳምንት ሙሉ ከሞት ጋር ታግላ ተረፈች። ግቢው እኔን መረቀ። ፈንታዬ ባትደርስላት ኖሮ አሉ። እኔም አሜን አልኩ።

ተጋቡ። ሴት ልጅ ወለዱ። ሰማንያዋ ሊሞላ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ የክርስትና እናቷ እንድሆን የመረጡት እኔን ነው። ትናንት ሰናይት ሕፃኗን እቅፌ ላይ አስቀምጣ፣ «እትዬ፣ አንቺ ባትኖሪ ይህችም አትኖርም ነበር» አለችኝ። ሕፃኗ ጣቴን ጨብጣ ይዛለች። ማስለቀቅ አቃተኝ።

ነገ እነግራታለሁ። ልጇን ከእቅፌ ብትነጥቀኝ አልከራከራትም። ሰይጣን አሳሳተኝም አልልም፤ ሰይጣን ዐረብኛ አላስተረጎመልኝም። ይቅርታ ከመጠየቄ በፊት የዚያን ቀን ያስቀረሁባትን፣ ሐኪሟ ጣቷን አንሥታ ያለችውን፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ እተረጉምላታለሁ፦

«ትኩሳቱ ሲለቃት ዳነች ብላችሁ እንዳትተዋት። ክፉዎቹ ሁለት ቀናት ያኔ ነው የሚጀምሩት። ሆዷን ካመማት፣ ካስመለሳት፣ ከደማች ሮጣችሁ አምጧት። እስከዚያ ድረስ የሚወዳት ሰው ከአጠገቧ አይነሣ።»